የዓሣ መንጠቆ ክር፦ አመራረጡና አያያዙ

መግቢያ

«ዓሣ በሌለበት ደጋ ስለ ዓሣ ክር መጻፍ ምን የሚሉት ነው?» አንድ የክፍል ጓደኛዬ የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ሲሰማ ያለኝ ይህን ነው። በከፊል እውነት አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዳባትም ብትሆን ደጋ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያሉት ጅረቶች ቀዝቃዛና ጠባብ ናቸው፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ይሳሳሉ። ከእነሱ ለራት የሚበቃ ዓሣ እጠብቃለሁ የሚል ካለ ጾሙን ማደሩ ነው።

ነገር ግን ውኃው እዚህ አይቆምም። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ወደ ዛሪማ ብንዘልቅ፣ የስሜንን ተራሮች በምሥራቅና በሰሜን እንደ መቀነት የሚዞረውን ተከዜን ብናይ፣ በሌላ በኩል ወደ አንገረብ ብንወርድ፣ ወደ ደቡብም ጎንደርን አልፈን ጣና ብንደርስ ዓሣ አለ። አምባዛው፣ ቆሮሶው፣ ነጭ ዓሣው ሁሉም በእነዚህ ውኆች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ደግሞ በሸለቆው ውስጥ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል፤ ከዚያ ወዲህም ማስገር ለአካባቢው ሰው አንድ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው። በተለይ የባዮሎጂ ተማሪ ዓሣን ለመለየትና ለመለካት መያዝ ስለሚኖርበት ስለ መያዣው ማወቅ አለበት።

ስለ መንጠቆ ብዙ ይወራል። ስለ ክሩ ግን «ጠንካራ ግዛ» ከማለት በቀር የሚነገር ነገር የለም። በዚህ ጽሑፍ ክር ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚቋጠርና እንዴት እንደሚቀመጥ ለማየት እሞክራለሁ። ዋናው ሐሳቤ ግን ይህ ነው፦ ክር ስንመርጥ «አይበጠስም ወይ?» ብለን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። «ቢበጠስስ የት ላይ ይበጠሳል? የተበጠሰውስ ምን ይሆናል?» ብለንም መጠየቅ አለብን።

1. ክሩ ከምን ይሠራል?

ናይለን ከመምጣቱ በፊት ሰው ያገኘውን ሁሉ ለክርነት ሞክሯል። ጥጥ፣ ሐር፣ ቃጫና የፈረስ ጭራ በየአገሩ አገልግለዋል። የፈረስ ጭራ ጥንካሬ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የመሲንቆ አውታር የሚሠራው ከእሱ አይደል? አንዱ ፀጉር በጣት ይበጠሳል፤ ብዙው ሲያብር ግን አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲገዘግዘው ያድራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በተረት ብቻ አይደለም ማለት ነው። የእነዚህ የተፈጥሮ ክሮች ችግር መበስበሳቸው ነው። እርጥብ ሆነው ከተቀመጡ ተሕዋስያን ይበሏቸዋል፤ ስለዚህ አስጋሪው በየቀኑ ዘርግቶ ማድረቅ ነበረበት።

ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዋላስ ካሮዘርስ የሚመራ ቡድን ተፈለሰፈ፤ ብዙም ሳይቆይ የዓሣ ክር ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ በሱቅ የምናገኛቸውን ክሮች በሦስት መክፈል ይቻላል።

ሀ) ነጠላ ናይለን፦ አንድ ወጥ፣ የሚያብረቀርቅ ክር ነው። ርካሽ ነው። ሲጎተት ከርዝመቱ እስከ ሩብ ድረስ ሊለጠጥ ስለሚችል የዓሣውን ድንገተኛ ውርውርታ ያበርዳል። መጠነ እፍጋቱ 1.14 ያህል ስለሆነ ከውኃ ጥቂት ይከብዳል፤ ቀስ ብሎም ይሰጥማል።

ለ) የተጎነጎነ ክር፦ ከብዙ ቀጫጭን የፖሊኤትሊን ጭረቶች እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። በተመሳሳይ ውፍረት ከናይለን እጅግ ይጠነክራል። ግን አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ በውኃ ላይም ይንሳፈፋል። በባዶ እጅ ለሚያሰግር ሰው አልመክረውም፤ ትልቅ ዓሣ ሲስብ ጣት እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ሐ) ፍሎሮካርቦን፦ መጠነ እፍጋቱ 1.78 ገደማ ነው፤ ቶሎ ይሰጥማል። የብርሃን ስብረት ልኩ 1.42 ሲሆን የውኃው 1.33፣ የናይለን ደግሞ 1.53 ገደማ ነው። ለውኃው የቀረበ በመሆኑ ዓሣው በቀላሉ አያየውም። ዋጋው ግን ይወደዳል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ውኃው ጥርት ያለ ሲሆን ነው። በአገራችን በመንጠቆ ለመዝናኛ ማስገር የታወቀው በባሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በዌብና በሌሎች የባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት በብርድና በጠራ ውኃ የሚኖር፣ ዓይነ ብርቱ ዓሣ ነው። በእኛ ቆላ ግን ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ደፍርሶ ስለሚወርድ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ብዙም አያስፈልግም።

ስለዚህ ለተማሪና ለአካባቢው አስጋሪ የሚስማማው ነጠላው ናይለን ነው። ከዚህ በታች «ክር» ስል እሱን ማለቴ ነው።

2. ውፍረትና ጥንካሬ

የክር ጥንካሬ የሚወሰነው በመስቀለኛ ስፋቱ ነው። ስፋቱ ደግሞ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። በግምት ባለ 0.20 ሚሊ ሜትር ናይለን 3 ኪሎ ግራም ያህል፣ ባለ 0.30ው 6 ኪሎ ግራም ያህል፣ ባለ 0.40ው 11 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። በካርቶኑ ላይ «ፓውንድ» ተብሎ ከተጻፈ በ0.45 አባዙት፤ 10 ፓውንድ ማለት 4.5 ኪሎ ግራም ነው።

የካርቶኑን ጽሑፍ ግን ሁልጊዜ አትመኑ። ውፍረቱን በቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ፤ ማይክሮሜትር አያስፈልግም። ክሩን እርሳስ ላይ ሳይደራረብ አጠጋግታችሁ 20 ጊዜ ጠምጥሙት፤ ከዚያ የተጠመጠመውን ርዝመት በማስመሪያ ለኩ። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ20 ሲካፈል 0.30 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ጥንካሬውንም በጀሪካን መፈተን ይቻላል። ክሩን ከጠንካራ አግዳሚ ላይ አስራችሁ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሉበት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል። ከዚያ በሊትር እየሰፈራችሁ ውኃ ጨምሩ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ነው፤ ክሩ ሲበጠስ የገባውን ሊትር ቆጥራችሁ የጀሪካኑን ክብደት ትደምራላችሁ። እግራችሁን ከሥሩ ማራቅ አትርሱ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ናይለን ውኃ ይጠጣል። ሲርስ ከደረቅነቱ ይልቅ ይለሰልሳል፤ ጥንካሬውም ይቀንሳል። የምናሰግረው በውኃ ውስጥ ስለሆነ ክሩን አንድ ሰዓት ዘፍዝፎ መፈተን ወደ እውነቱ ይቀርባል።

3. ለየትኛው ዓሣ፣ ለየትኛው ወንዝ?

«ዓሣ መብላት በብልሃት» ይባላል፤ መያዙም እንደዚያው ነው። ሁሉን በአንድ ክር ልያዝ የሚል አንዱንም በደንብ አይዝም።

ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ዋና ምግቡም ዋቅላሚና በውኃ ውስጥ የሚገኙ ደቃቅ ነገሮች ናቸው። በሊጥ ወይም በትል ሲሞከር ቀስ ብሎ ነው የሚነካው። ወፍራም ክር ከሆነ ይሸሻል፤ ለአስጋሪውም ንክኪው አይሰማውም። ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል።

ነጭ ዓሣ በሚፈስ ውኃ የሚኖር፣ ጉልበተኛ ዓሣ ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሶቹ ጉሮሮው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ክሩን የሚበላው የዓሣው አፍ ሳይሆን ዓሣው እየጎተተ የሚወስድበት ድንጋይ ነው። ከ0.30 እስከ 0.35 ይስማማዋል።

አምባዛ ከሥር የሚኖር፣ ማታ ማታ የሚንቀሳቀስ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። አፉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ የሆኑ ደቃቅ ጥርሶች በረድፍ አሉት፤ በረጅም ትግል ክሩን ይሞርዱታል። ለእሱ ከ0.40 እስከ 0.50 ቢሆን ይሻላል።

ዘንግ ሳይኖረው በእጁ ብቻ የሚያሰግር ሰው ከዚህ ከፍ ማለት ይችላል፤ ቀጭን ክር መዳፍ ይቆርጣል።

ቀጥሎ ወንዙን ማየት ነው። ስሜን የጥንት እሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ ወንዞቹ የሚወርዱት በባዛልት ድንጋይ መካከል ነው። አዲስ የተሰበረ ባዛልት ጠርዙ ስለት ነው። ድንጋያማ በሆነ ቦታ ከላይ ካልነው አንድ ደረጃ ወፈር ማድረግ ተገቢ ነው፤ አሸዋማ ወይም ጭቃማ በሆነ የሐይቅ ዳር ግን አያስፈልግም።

4. ቋጠሮ

ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከመሀሉ ሳይሆን ከቋጠሮው ነው። እንደ ጫማ ማሰሪያ ዝም ብሎ የታሰረ ቋጠሮ የክሩን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊወስድበት ይችላል፤ ክሩ በራሱ ላይ ታጥፎ ራሱን ይቆርጣልና። በደንብ የታሰረ ጥምጥም ቋጠሮ ግን አብዛኛውን ጥንካሬ ይጠብቃል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ዓይን አሳልፉና አንድ ስንዝር ያህል አውጡ። ሁለተኛ፣ ጫፉን በዋናው ክር ዙሪያ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ጠምጥሙ። ሦስተኛ፣ ጫፉን መልሳችሁ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረው ትንሽ ቀለበት ውስጥ አሳልፉ። አራተኛ፣ በምራቅ ወይም በውኃ አርጥቡት። አምስተኛ፣ ዋናውን ክር ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ጥምጥሙ ተሰብስቦ ዓይኑ ላይ ይቀመጣል። የተረፈውን ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ።

ማርጠቡን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደረቅ ናይለን በናይለን ላይ ሲሳብ በፍትጊያ ይሞቃል፤ ሙቀቱ በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ክሩን እዚያው ያደክመዋል። ቋጠሮው አካባቢ ክሩ ነጣ ወይም ተጨማደደ ካለ ቆርጦ እንደገና ማሰር ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።

5. ፀሐይ፣ ድንጋይና አቀማመጥ

ጥጥን የሚገድለው እርጥበት ነበር፤ መድኃኒቱም ፀሐይ። ይህ ልማድ ግን ለናይለን አይሠራም። ናይለንን ውኃ አያበሰብሰውም፤ ፀሐይ ግን ታደክመዋለች። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር የናይለንን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል። ይህ ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደባርቅ ላይ እንግዲህ ከባሕር ዳርቻ አገር ሲነጻጸር ወደ 30 በመቶ ገደማ ይበረታል ማለት ነው። ብርዱ አያታልላችሁ፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ኃይለኛ ነው። የምናሰግረው ቆላ ወርደን ቢሆንም ክሩ የሚከርመው እዚህ ነው። በመስኮት ላይ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የከረመ ክር ለዓይን አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ሲስቡት ግን ጠጥ ብሎ ይበጠሳል። ስትገዙም በሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የዋለውን ትታችሁ ከውስጥ ያለውን ጠይቁ።

አያያዙን ባጭሩ እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል።

• ከተጠቀማችሁ በኋላ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ በጥላ አድርቁ። ጭቃና አሸዋ ክሩ ላይ ከደረቀ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

• በቀጭን እንጨት ላይ አትጠቅልሉ። ናይለን የተጠቀለለበትን ቅርጽ ስለሚይዝ ሲለቁት እንደ ስፕሪንግ ይጠቀለላል። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሰፋ ያለ ስለሆነ ተስማሚ ነው፤ በነጻም ይገኛል።

• ከባትሪ አሲድ አርቁት፤ ናይለን አሲድ አይችልም። ከነዳጅም ጋር በአንድ ከረጢት አይያዝ፤ ሽታው ዓሣን ሊያሸሽ ይችላል።

• ውኃ ዳር ከመድረሳችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜትሮች በጣቶቻችሁ መካከል አሳልፉ። ሻካራ ወይም የተቆረጠ ነገር ከተሰማችሁ እዚያ ድረስ ቁረጡ። ጥቂት ክር መጣል ዓሣውን ከነመንጠቆው ከማጣት ይሻላል።

6. ቢበጠስስ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። የናይለን ትልቁ ጠባይ አለመበስበሱ ነው። ይኸው ጠባይ ከእጃችን ሲያመልጥ ጥፋት ይሆናል። ፀሐይ ታደክመዋለች ብለናል፤ ግን እንዲበጠስ እንጂ እንዲጠፋ አታደርገውም። ለአስጋሪው ቶሎ የሚያረጅ፣ ለወንዙ ግን የማይሞት ክር ነው። በወንዝ ዳር የቀረ የተወሳሰበ ክር የዳክዬና የሌሎች የውኃ ወፎች እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ውኃ የምትጠጣ ላም ከሣር ጋር ልትውጠው ትችላለች፤ መንጠቆ ካለበት ደግሞ ባዶ እግሩን ለሚሄድ እረኛ አደጋ ነው። ዓሣውም ቢሆን አፉ ውስጥ በቀረ መንጠቆና ከኋላው በሚጎተት ረጅም ክር ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ይያያዝና ይሞታል። አልበላነውም፤ እሱም አልኖረም።

ይህ የመንጠቆ ክር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ሲሰገር ለኖረው ሐይቅ የናይለን መረብና ሞተር ጀልባ በስፋት የገቡት እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው። በኋላም ከዚሁ ከነጠላ ናይለን የተሠራ ርካሽና ቀጭን መረብ ተስፋፋ። በዚህ ላይ ነጭ ዓሣው በክረምት ዕንቁላል ሊጥል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ገባር ወንዞች ሲወጣ በወንዞቹ አፍ ላይ በብዛት ይያዝ ነበር፤ ቁጥሩም በእጅጉ ቀነሰ። ተቀዶ ውኃ ውስጥ የቀረ መረብ ደግሞ ማንም ሳይሰበስበው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። የመንጠቆ ክር ከመረቡ የሚሻለው አንድ በአንድ ስለሚይዝና ያልፈለግነውን በሕይወት ለመመለስ ስለሚያስችል ነው። ብርብራ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመበተን ትልቁንም ጫጩቱንም ከማፍዘዝ ጋርማ አይወዳደርም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል። ነገር ግን ክሩን እዚያው ጥለነው ከሄድን ይህ ብልጫችን ምኑ ላይ ነው?

መፍትሔው ቀላል ነው። ዋናው ክር ጠንካራ ይሁን፤ ከመንጠቆው በላይ ያለው የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ግን ከዋናው ቀጠን ይበል። ለምሳሌ ዋናው 0.35 ከሆነ የጫፉ 0.28 ይሁን። ከላይ ለየዓሣው የጠቀስኩትን ልክ ለጫፉ ክር ውሰዱት፤ ዋናውን ከዚያ ከፍ አድርጉ። ሁለቱን በትንሽ ቀለበት ማገናኘት ይቻላል። መንጠቆው ድንጋይ ቢይዘው ወይም ከልክ በላይ የሆነ ዓሣ ቢመጣ የሚበጠሰው የጫፉ ክር ነው። ወንዙ ውስጥ የሚቀረው ከግማሽ ሜትር አይበልጥም፤ ሃያና ሠላሳ ሜትር ክር ግን ከእኛ ጋር ይመለሳል። ጎበዝ አስጋሪ ክሩ የት እንደሚበጠስ አስቀድሞ የወሰነ ነው ማለት ይቻላል።

የተቆረጠውን ክር ሁሉ በኪስ ይዞ መመለስ፣ ከጣት ባነሰ ርዝመት ቆራርጦ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ማስገባትና ከቆሻሻ ጋር ማስወገድ ነው። ማቃጠል አይመከርም፤ ጭሱ መርዛማ ነው። ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል የሚሄድ ሰው ደግሞ መንጠቆ ከማውጣቱ በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ በውስጡ የምንጥለው ክርም በዓለም ቅርስ ላይ የተጣለ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ለአካባቢያችን ውኆች ነጠላው ናይለን ተስማሚ ነው፤ ውፍረቱ በዓሣውና በድንጋዩ ይወሰናል፤ ቋጠሮው ረጥቦ ይጠበቃል፤ ክሩ ከፀሐይ ይሰወራል፤ ጫፉ ደግሞ ሆን ተብሎ ይቀጥናል።

በመጨረሻ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የጀሪካኑ ፈተና ወጪ የለውም። ከአንድ ጥቅል ክር ቆርጠን አንዱን በጨለማ ሣጥን ውስጥ፣ ሁለተኛውን በጥላ፣ ሦስተኛውን ደጅ ፀሐይ ላይ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብናስቀምጥና በየወሩ እየበጠስን ብንመዘግብ፣ የደባርቅ ፀሐይ ናይለንን በስንት ጊዜ ምን ያህል እንደምታደክም የራሳችን ቁጥር ይኖረናል። ቁጥሩ ለተከዜና ለጣና አስጋሪዎች ክራቸውን መቼ መለወጥ እንዳለባቸው ለመንገር ያገለግላል። መሥራት የምትፈልጉ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ካላችሁ እንነጋገር፤ ክሩን እኔ አመጣለሁ፤ ጀሪካን ከእናንተ።